ወደብ ያጣች መርከብ፦ የ«ኢትዮጵያ» አሠራርና አገልግሎት

መግቢያ

ዋጫ ተወልዶ ቦንጋ ለሚማር ሰው ባሕር ሩቅ ነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ውኃ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ጎጀብ ነው። ስለዚህ «አገራችን በራሷ ስም የተሰየመች፣ 95 ሜትር ርዝመት ያላት የጦር መርከብ ነበረቻት» ብዬ ስናገር ጓደኞቼ «እውነትህን ነው?» ይሉኛል። አዎ፣ ነበረችን። በዚህ አጭር ጽሑፍ መርከቧ እንዴት እንደተሠራች፣ ምን እንዳገለገለችና መጨረሻዋ ምን እንደሆነ እንመለከታለን። ዘመኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሯ

መርከቧ የተሠራችው አሜሪካ ውስጥ፣ በዋሽንግተን ግዛት ነው። የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ሲሆን የአሜሪካ ባሕር ኃይልን አገልግሎት የጀመረችው በጥር 1944 ነበር። ሥራዋ በውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ፣ መለዋወጫና ጥገና ማቅረብ ነው። በአጭሩ ተንሳፋፊ ጋራዥ ነበረች ማለት ይቻላል።

ቅርጿም ለዚሁ ሥራ የታሰበ ነው። ከውኃ በታች የሚገባው አካሏ 4 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ጥልቀት የሌላቸው የባሕር ወሽመጦች ውስጥ መግባት ትችላለች። በናፍጣ ሞተሮቿ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። የራሷ ሠራተኞች 215 ሲሆኑ የአውሮፕላን ባልደረቦች ሲጨመሩ እስከ 367 ሰው ትይዛለች። ይህቺን ቁጥር እንያዛት፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

አገልግሎቷ

«ኦርካ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊሊፒንስ አካባቢ ተሰልፋ የጃፓን አውሮፕላኖችን ጥቃት ተቋቁማለች። በ1960 ከአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎት ወጣች። በጥር 1962 ደግሞ በውሰት ለኢትዮጵያ ተሰጠችና «ኢትዮጵያ» ተባለች። በ1976 ግዥዋ ተፈጸመ።

ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና ማሠልጠኛ ሆነች። ለምን እሷ ተመረጠች ቢባል መልሱ ከላይ ካየነው ቁጥር ጋር ይያያዛል። ለአውሮፕላን ባልደረቦች የተሠራው ወደ 150 ሰው የሚይዝ ትርፍ ቦታ ለዕጩ መኮንኖች ማደሪያ የሚመች ነበር። ለአንድ ሥራ የተነደፈ ዕቃ በሌላ አገር ሌላ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

መጨረሻዋ

በየካቲት 1990 ምጽዋ በሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራ እጅ ገባች። በግንቦት 1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» ከሌሎች መርከቦች ጋር ወደ የመን ሸሸች። በ1993 ኤርትራ ነፃነቷን አወጀች። በዚያው ዓመት የመን መርከቧን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጠቻት።

ማጠቃለያ

አንዳንዱ «ያረጀች መርከብ ናት፣ ምን ያስቆጫል?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ነበራት፤ ጡረታ መውጣቷ አይቀርም ነበር። ነገር ግን በጦርነት ያልሰጠመች መርከብ የጠፋችው የምትመለስበት ወደብ ስላጣች ነው። በአገሯ ብትቀር ሙዚየም ልትሆን ወይም ለተማሪ ልትጎበኝ ትችል ነበር።

መንግሥት በ2018 ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ማሰቡን ከገለጸ ወዲህ ስለ ባሕር ብዙ ይወራል። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ግን ብረቱን መመለስ ባንችል እንኳ ትዝታውን ማትረፍ እንችላለን። በየአካባቢያችን የቀድሞ ባሕርተኛ ካለ ቁጭ ብለን እናነጋግረው፣ የሚለንንም እንጻፍ። ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ይደር የሚባል ሥራ አይደለም።