አሮጌዋ መኪና ያስተማረችን
ብልሽትን ፈልጎ ስለማግኘትና ሥራን በአግባቡ ስለመጨረስ



በዚህ ዓመት ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ከአጥሩ ጎን ስለቆመችው ሰማያዊ የጭነት መኪና ሳይጠይቀኝ አልሄደም። ስለ እርሷ እንድጽፍ የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ሲጠይቀኝ መጀመሪያ አመንትቼ ነበር። ታሪኳ የእኔንም ጥፋት ስለሚጨምር ነው። በኋላ ግን ተማሪ ስህተቱን በቀይ እስክሪብቶ እያየ እንዲማር የምንጠይቅ ሰዎች የራሳችንን ብንደብቅ አያምርም አልሁና ጻፍሁ።

መኪናዋ ከየት መጣች?

የመኪናዋ ባለቤት ከተማሪዎቻችን የአንዱ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ የፊያት 682 ኤን 3 ረዳት ነበሩ፤ ሹፌሮች «ኤንትሬ» የሚሉት ነው። 682 የሚባለው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1952 መመረት የጀመረ ሲሆን በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሶማሊያ መንገዶች ላይ ለብዙ ዓመታት ጭነት ተሸክሟል። እኒህ አባት ሀርጌሳ ከገቡ በኋላ ግን ያገኙት ኤንትሬ ሳይሆን የቤድፎርድ ጋቢና ነው። ቤድፎርድ የእንግሊዙ ቮክስሆል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ላወጣቸው የጭነት መኪናዎች የሰጠው ስም ነው። ሶማሌላንድ እስከ ሰኔ 1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች የእንግሊዝ መኪና እዚህ ቢገኝ አያስገርምም።

ጋቢናው የቤድፎርድ፣ ሞተሩ ከአሮጌ ቶዮታ የተወሰደ የቤንዚን ሞተር፣ ካሶኒው ደግሞ አንድ የሀርጌሳ በያጅ በላሜራና በእንጨት የሠራው ነው። ሦስቱ በአንድ ሻንሲ ላይ እስኪስማሙ ሁለት ዓመት ፈጀ። ይህች ከተማ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1988 ከደረሰባት ውድመት በኋላ ከፍርስራሽ ተነስታ የተሠራች ናትና፣ ቁርጥራጭ ሰብስቦ ሙሉ ነገር መሥራት እዚህ አዲስ ነገር አይደለም።

አባትየው መኪናዋ ልታልቅ ስትል «ለልጆቹ ትምህርት ይሆናል» ብለው ወደ ግቢያችን አመጧት። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ እየመጡ እንዲያግዙ ተስማማን።

የቋንቋ ትምህርት በጋራዥ

የመጀመሪያው ትምህርት የቋንቋ ሆነ። አባትየው «ካንዴላ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ካምቢዮ»፣ «ባሌስትራ»፣ «ጎማ» ሲሉ ልጆቹ አማርኛ መስሏቸው ጻፉ። ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው፤ ከጣሊያን መኪናዎችና መካኒኮች ጋር መጥተው በእኛ ጋራዦች የቀሩ። ሶማሊው በያጅ ደግሞ ጎማውን «ታየር» ይለዋል፤ ያ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው። መኪናዋን በሙሉ «ባቡር» ሲላት ልጆቹ ሳቁ። በሶማሊኛ ባቡር ማለት መኪና ነው፤ ለእኛ ግን በሐዲድ ላይ የሚሄደው ነው። በአንድ መኪና ዙሪያ የሁለት ቅኝ ገዢዎችና የሁለት ጎረቤቶች ታሪክ ተገናኘ።

ብልሽቱ

የዓመቱ መዝጊያ በዓል አሥር ቀን ሲቀረው መኪናዋ ትነሳ ነበር፤ መብራቷም ይሠራ ነበር። የቀረው ቀለም ብቻ ነው ተባለ። ሻንሲዋን ጥቁር፣ ጋቢናዋን ሰማያዊ ቀባን። ቀለሙ ደርቆ ቁልፍ ሲዞር ግን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ አልዞረም። የፊት መብራቱ ደበዘዘ። ከሁሉ የገረመን ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ፈዘዝ ብሎ መብራቱ ነው።

«ባትሪው ደክሟል» ተባለ። አባትየው ከቤት ወጪያቸው ቀንሰው አዲስ ባትሪ ገዙ። ለውጥ የለም። «ሞተሪኖው ተቃጥሏል» ተባለ። ፈትተን መሬት ላይ አድርገን በቀጥታ ከባትሪ ጋር ስናገናኘው እንደ ጤነኛ ዞረ። እንዲህ ሦስት ቀን አለፈ።

እዚህ ላይ ቆም በሉና አስተውሉ። እስከ አሁን ያደረግነው መፈለግ ሳይሆን መገመት ነው። ዕቃ መለወጥ ምርመራ አይደለም። ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት ሲለዋውጥ የሚከሰተው፣ መምህርም ልጁ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ሳያይ «ሰነፍ ነው» ሲል የሚከሰተው ይኸው ነው።

መለካት

በአራተኛው ቀን የፊዚክስ መምህራችን ቴስተር ይዘው መጡ። የሙሉ ባትሪ ልክ ሳይነካ 12.6 ቮልት ገደማ ነው። የእኛም ያንኑ አነበበ። ከዚያ አንድ ተማሪ ቁልፉን እንዲያዞር አድርገው፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ አካል ላይ አስቀመጡ። ጤነኛ በሆነ መኪና በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ መታየት የለበትም። እኛ 7.4 አነበብን። ባትሪው የሚሰጠው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሞተሪኖው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር።

በመኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ በሽቦ ሄዶ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በብረቱ አካል በኩል ነው። መካኒኮች ይህን የመመለሻ መንገድ «ማሳ» ይሉታል። ሞተሩ በጎማ መቀመጫ ላይ ስለሚያርፍ ከሻንሲው ጋር በወፍራም ሽቦ መታሰር አለበት፤ ሻንሲውም ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር እንዲሁ። መመለሻው ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በሌላ አምፖል ውስጥ ሳይቀር ያልፋል። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻ የሚበራው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ግራ የሚያጋባ ምልክት ስታዩ መጀመሪያ ማሳውን ጠርጥሩ።

ለስሌቱ በክፍል የተማራችሁትን የኦም ሕግ አስታውሱ፦ ቮልት ከአምፔር እና ከኦም ብዜት ጋር እኩል ነው። አንድ ሞተሪኖ 150 አምፔር ቢስብና በማሳው መንገድ ላይ 0.02 ኦም ብቻ እንቅፋት ቢኖር፣ 150 × 0.02 = 3 ቮልት ይባክናል። 0.02 ኦም በተራ ቴስተር ሲለካ ዜሮ ይመስላል። ስለዚህ የኦም ልኬት «ደህና ነው» ቢልም አትመኑ፤ ሥራ ላይ እያለ ቮልቱን ለኩ። ሸክም ሳይኖርበት ደህና የሚመስል ነገር ብዙ ነው።

ዝምታው

መንገዱ መዘጋቱን አወቅን፤ የት ጋ እንደተዘጋ ግን አላወቅንም። አባትየው ተማሪዎቹን ሰብስበው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «መኪናዋ ለመጨረሻ ጊዜ ከተነሳችበት ቀን ወዲህ ምን ነካን?» እያንዳንዱ የሠራውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈ። አንድ ልጅ ግን ጠመኔውን ይዞ ቆመ። ወደ እኔ ተመለከተና አቀረቀረ።

«ንገረኝ ልጄ» አልሁት።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋሼ ቀለም እንዳይነካው ብለው በፕላስተር የሸፈኑት ቦታ ነበር። እርስዎ መጥተው ‹ይቺን ለምን ተዋችኋት? ሙሏት› ሲሉኝ ፕላስተሩን ልጬ ቀባሁት። ከዚያ ሽቦውን በላዩ አሰርሁት።»

አስታወስሁ። ለፎቶ እንድታምር ብዬ ስቸኩል በሻንሲው ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት ያልተቀባች ቦታ ዓይኔን ከልክላኝ ነበር። ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠርጥሯል። ባትሪ ሲገዛ ዝም አለ፤ ሞተሪኖ ሲፈታ ዝም አለ። ያዘዘው ዳይሬክተሩ ስለሆነ ነው።

ብሎኑን ፈታን፤ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን ብረቱ እስኪያበራ አጸዳን፤ መልሰን አጥብቀን አሰርን። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ልጆቹ ጨፈሩ። እኔ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። አባትየውን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የባትሪውንም ዋጋ ከኪሴ ከፈልሁ። ልጁንም በጓደኞቹ ፊት አመሰገንሁት። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በእኛ ግቢ ግን በሽታውን ያስደበቀው የእኔ ፍራቻ ነበር።

ፍሬኑ

በማግስቱ ጠዋት ያው ልጅ ቀድሞ መጥቶ አባትየውን ጠበቃቸው። «ጋሼ፣ የኋላው የግራ ጎማ በውስጥ በኩል ረጥቧል። ከትናንት ወዲያ አይቼዋለሁ፤ ውሃ መስሎኝ ነበር» አላቸው። ጎማው ሲፈታ የፍሬን ዘይት ነበር። ታምቡሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፖምፓ ጎማዋ አርጅቶ ያፈስሳል፤ ሸራውም ረጥቧል።

በዓሉ ላይ የአፀደ ሕፃናት ልጆችን ካሶኒው ላይ አሳፍረን ግቢውን ልናዞራቸው አቅደን ነበር። ብዙዎቹ የድሮ መኪናዎች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ ጎማ ጋ ዘይቱ ካለቀ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ልጁ ሁለተኛ ጊዜ ዝም ቢል ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም።

ፖምፓዋም ሸራውም ተለወጠ፤ አየሩም ወጣ። ቢሆንም ሕፃናቱን የማሳፈሩን ነገር ሰረዝነው። ካሶኒ የዕቃ እንጂ የልጅ ቦታ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም ማቀድ አልነበረብንም። በበዓሉ ቀን መኪናዋ ቆማ ልጆቹ አጠገቧ ፎቶ ተነሱ።

ለማስታወሻ ደብተራችሁ

የፍሬን ምልክቶች፦ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ በመስመሩ አየር ገብቷል። ተረግጦ ሳለ ቀስ እያለ ከወረደ የሚያፈስስ ቦታ አለ፤ ወይም የዋናው ፖምፓ ጎማ አልቋል። መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ የሌላው ጎን ፍሬን አይዝም ማለት ሊሆን ይችላል።

አየር ሲወጣ ከዋናው ፖምፓ በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል። የእኛ መኪና መሪ በቀኝ ስለሆነ የኋላው ግራ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ የኋላው ቀኝ፣ ከዚያ የፊቱ ግራ፣ በመጨረሻ የፊቱ ቀኝ ነው። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚልጥ የፈሰሰው ወዲያው በውሃ ይታጠብ።

የካንዴላ ምልክቶች፦ ጥቁር ጥላሸት ካለበት ቤንዚኑ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል ወይም ሙቀቱ ከልክ አልፏል፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። በርበራ ባሕር ዳር ላይ ናት፤ ሀርጌሳ ግን ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል። ስለዚህ በርበራ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ሊያበዛ ይችላል።

የማጠናቀቂያ ሥራ ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ መሪ፣ ከዚያ መብራት፣ ከዚያ ሞተር፤ ቀለም ከሁሉም በኋላ ነው። ከቀለም በኋላ ደግሞ ሁሉም እንደገና ይፈተሻል፤ ምክንያቱም መቀባትም መንካት ነው። የማሳ ቦታዎች ብረታቸው ተፍቆ ይታሰራሉ፤ ከታሰሩ በኋላ ዝገት እንዳይነካቸው ግሪስ ይቀባሉ። ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ በኋላ የጎማ ብሎኖች እንደገና ይጠበቃሉ። መኪናው ሲቆም እጅን ወደ ታምቡሮቹ ጠጋ አድርጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ ሞተሪኖ 200 አምፔር ይስባል። በማሳው መንገድ 0.01 ኦም እንቅፋት ቢኖር ስንት ቮልት ይባክናል? ከሚፈቀደው ግማሽ ቮልት ጋር አወዳድሩ።
2. በቤታችሁ የተበላሸ አንድ ዕቃ ምረጡ። ለመጨረሻ ጊዜ ከሠራበት ቀን ወዲህ ምን እንደተነካ ከቤተሰባችሁ ጋር ዘርዝሩ።
3. አይታችሁ ያልተናገራችሁት፣ ነገር ግን ሰው ሊጎዳ የሚችል ነገር አለ? በጽሑፍ ሳይሆን ቢሮዬ መጥታችሁ በቃል ንገሩኝ። በሩ ክፍት ነው።

መኪናዋ አሁን ለአካባቢው ሰው ውሃ ታመላልሳለች። ጎንበስ ብላችሁ ሻንሲዋን ብታዩ ከሽቦው ሥር ያልተቀባችው ቦታ ትታያችኋለች። እንዳትሞሏት።

መልካም የእረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር
ሀርጌሳ