በከርሰ ምድር ማዕድን ሥራ የሚደርስ የእጅ መሣሪያ ጉዳት፦ የምዝገባው ጥያቄ ከደላንታ የኦፓል ዋሻዎች አንጻር

መግቢያ

በከርሰ ምድር ማዕድን ማውጫዎች ስለሚደርስ አደጋ ሲነሣ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው የዋሻ መደርመስ፣ የጋዝ ፍንዳታና የውኃ ሙላት ነው። እነዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ ሕይወት ስለሚቀጥፉ የምርመራ ኮሚሽን ያስቋቁማሉ፤ ሕግም ያስለውጣሉ። በመዶሻ የተቀጠቀጠ ጣት፣ በመሮ ፍንጣሪ የጠፋ ዓይን ወይም ድጅኖ ሲፈነቅል የተጎዳ ወገብ ግን ኮሚሽን አያስቋቁምም። ጉዳቱ የሚደርሰው አንድ በአንድ፣ በተለያየ ቀንና ቦታ ነው። ተጎጂው አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ይተርፋል፤ የሚያጣው የሚሠራበትን እጅ ነው።

ይህ ጽሑፍ የእጅ መሣሪያ ጉዳት በመዝገብ ላይ እንዴት እንደሚታይና እንዴት እንደሚሰወር ይመረምራል። ለማነጻጸሪያነት የተመረጠችው ረጅም የምዝገባ ልምድ ያላት አሜሪካ ናት። ጥያቄው የሚነሣው ግን በደቡብ ወሎ፣ በደላንታ ወረዳ፣ በወገል ጤና አካባቢ ስላሉት የኦፓል ዋሻዎች ነው። በሞተር፣ በአየር ግፊት ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መሣሪያዎች በንዝረት የሚያደርሱት ጉዳት ለዓመታት ተጠራቅሞ የሚገለጥ በመሆኑ የተለየ ጥናት ይሻል፤ እዚህ አልተካተተም።

መዝገቡ የሚያየውና የማያየው

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው የማዕድን ደኅንነትና ጤና ሕግ መሠረት፣ እያንዳንዱ ማዕድን ማውጫ የደረሰበትን ጉዳት በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ቅጽ ሞልቶ ለፌዴራሉ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመላክ ግዴታ አለበት። ሊመዘገብ የሚገባው ጉዳት ከመጀመሪያ ርዳታ ያለፈ ሕክምና የጠየቀ፣ ራስን ያሳተ፣ ለሞት ያበቃ፣ ወይም ሠራተኛው ከጉዳቱ በኋላ ባለ በማንኛውም ቀን መደበኛ ሥራውን በሙሉ እንዳያከናውን ያደረገ ነው። ቅጹ የአደጋውን ዓይነት ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በዚያች ቅጽበት ምን ይሠራ እንደነበርና ጉዳቱን ያደረሰው ነገር ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ይህ መጠነኛ የሚመስል ዝርዝር ብዙ ነገር አስገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1988 ማራስና የሥራ ባልደረቦቹ ከ1978 እስከ 1983 በዚህ መንገድ የተጠራቀመውን መረጃ ተጠቅመው፣ በከርሰ ምድር ማዕድን ማውጫዎች የሚደርሰውን የእጅ መሣሪያ ጉዳት የድንጋይ ከሰሉን ለብቻ፣ ብረታ ብረቱንና ሌላውን ማዕድን ለብቻ አድርገው ሊተነትኑ ችለዋል።

በዚህ ዘርፍ ተደጋግሞ ከሚጠቀሱት መሣሪያዎች አንዱ ማራገፊያ ዘንግ ነው። ድንጋይ በፈንጂ ከተሰበረ በኋላ በጣሪያና በግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረውን ልቅ ድንጋይ ለመጣል የሚያገለግል፣ ጫፉ እንደ መሮ የተሳለ ረጅም ዘንግ ነው። ሠራተኛው አስቀድሞ ጣሪያውን መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል። ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ከመለሰ ድንጋዩ የጸና ነው፤ የታፈነ፣ ባዶ ዕቃ የተመታ የሚመስል ድምፅ ከሰጠ ከኋላው ተላቋል ማለት ነው። ከዚያ በተረጋገጠ ጣሪያ ሥር ቆሞ የዘንጉን ጫፍ በስንጥቁ አስገብቶ ይፈነቅላል። ጉዳቱ ቢያንስ በሦስት መንገድ ይደርሳል። አንደኛው፣ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከተያዘ የተላቀቀው ድንጋይ ዘንጉን ተከትሎ ተንሸራቶ እጅ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው፣ ዘንጉ ከሆድ ትይዩ ከተያዘ በላዩ የወደቀው ድንጋይ ሌላኛውን ጫፍ ወደ ሠራተኛው ሰውነት ይገፋዋል፤ ዘንጉን ከጎን አድርጎ መያዝ የሚመከረው ስለዚህ ነው። ሦስተኛው፣ አልንቀሳቀስ ያለ ድንጋይ በድንገት ሲለቅ በሙሉ ኃይሉ ይጫን የነበረው ሰው ሚዛኑን ይስታል፤ ወገቡና ትከሻው ይጎዳል።

የምዝገባው ችግር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ዘንጉን ተከትሎ በመጣ ድንጋይ ጣቱ የተቆረጠ ሠራተኛ የተጎዳው በድንጋይ መውደቅ ነው ወይስ በእጅ መሣሪያ? መዝጋቢው የመጀመሪያውን ከመረጠ ጉዳዩ ወደ ጣሪያ ድጋፍ መሐንዲሱ ይሄዳል፤ መፍትሔውም ምሰሶና መረብ ይሆናል። ሁለተኛውን ከመረጠ የዘንጉ ርዝመት፣ ክብደት፣ አያያዝና የእጅ መከለያ ይፈተሻል። ሁለቱም መልስ ስሕተት አይደለም፤ አንዱ ብቻ ሲመዘገብ ግን ሌላው መፍትሔ ጠያቂ ያጣል። አሜሪካዊው ቅጽ ከብዙዎቹ የሚሻለው አደጋውን፣ ሥራውንና የጉዳቱን ምንጭ ለያይቶ ስለሚመዘግብ፣ አጥኚው በኋላ ከሌላ አቅጣጫ መልሶ ሊቆጥረው ስለሚችል ነው።

ሌላው ችግር የአካፋዩ ነው። በአንድ ዓመት በመዶሻ የተጎዱት በማራገፊያ ዘንግ ከተጎዱት ቢበልጡ መዶሻ የበለጠ አደገኛ ነው ማለት አይቻልም። መዶሻ ቀኑን ሙሉ ከእጅ አይለይም፤ ዘንጉ በፈረቃው መጀመሪያና ከፍንዳታ በኋላ ብቻ ይነሣ ይሆናል። መሣሪያው በእጅ የቆየበት ሰዓት ካልታወቀ የጉዳት ብዛት የሥራውን ብዛት ከማሳየት ብዙም አያልፍም። የጠፉ የሥራ ቀናት ብዛት በተጨማሪ መለኪያነት ሲያዝ ሥዕሉ በከፊል ይስተካከላል፤ የተቀጠቀጠ ጥፍርና የተጎዳ ወገብ እኩል መቆጠራቸው ይቀራልና።

የደላንታ ዋሻዎች

በወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ማዕድኑ የሚገኘው ውፍረቱ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነ የእሳተ ገሞራ አለት መካከል፣ ራሱ ግን ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ቀጭን ንጣፍ ውስጥ ነው። ንጣፉ በገደሉ ፊት ላይ ስለሚታይ ቆፋሪዎች ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ ንጣፉን ተከትለው ወደ ተራራው ሆድ ይገባሉ። መሣሪያቸው ዶማ፣ ድጅኖ፣ መዶሻ፣ መሮና አካፋ ነው።

የንጣፉ ቀጭንነት ለእጅ መሣሪያ ጉዳት ያለው ትርጉም በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስልም። ባዶ ድንጋይ መቆፈር ትርፍ የሌለው ድካም ስለሆነ ዋሻው ከንጣፉ ብዙም ከፍ እንዲል አይደረግም። ተንበርክኮ ወይም በጎኑ ተጋድሞ የሚሠራ ሰው ዶማውን ከትከሻው በላይ ሊያነሣ አይችልም፤ ኃይሉን ከእግሩና ከወገቡ መሳብ ስለማይችል በእጅ አንጓውና በክንዱ ይተካዋል። ለጠባብ ቦታ እንዲመች እጀታ ማሳጠርም እጅን ወደሚመታው ድንጋይ ያቀርባል። ፊትም አብሮ ይቀርባል፤ የኦፓሉ ዋጋ ባለመሰበሩ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ቆፋሪው የሚመታውን ነጥብ አጎንብሶ ማየት አለበት። በዚህ ርቀት የመሮ ፍንጣሪ ዓይን እስኪደርስ ጊዜ አይወስድም። የመሮ አናት በተደጋጋሚ ምት ተደፍጥጦ ጠርዙ ወደ ውጭ ከታጠፈ ከድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ከመሮው ራሱ ብረት ይፈናጠራል። ይህን በሞረድ ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው። የመዶሻ ራስ ከእጀታው እንዳይወልቅ ሽብልቁን ማጥበቅም እንዲሁ።

ጓንትን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወፍራም ጓንት ከመቆረጥና ከመላጥ ይከላከላል፤ ነገር ግን የመጨበጥ ኃይልን ይቀንሳል፤ የጣትንም ስሜት ያደበዝዛል። በጠባብ ዋሻ መሮ ለያዘ እጅ ይህ አዲስ አደጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጓንት ማደል ብቻውን መፍትሔ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ የዓይን መነጽርና የእጅ መከለያ ያለው መሮ ሊቀድሙ ይገባል።

ማን ይመዝግብ?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ላይ ደኅንነት ግዴታን የሚጥለው በአሠሪ ላይ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ደግሞ ባህላዊ የማዕድን ማምረትን የሚለየው ሥራው ማሽን የማይጠቀምና በባሕርዩ በእጅ የሚከናወን በመሆኑ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ ክፍተቱ ይታያል፦ ሥራው በእጅ መሣሪያ ስለሚከናወን በአንድ ስም ተጠርቶ ፈቃድ ያገኛል፤ ለራሱ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ የሚቆፍር ወጣት ግን አሠሪ ስለሌለው ጉዳቱን የመመዝገብ ግዴታ ያለበት አካል አይኖርም። ሕክምና ቢሄድ እንኳ የቁስሉ ዓይነት ይጻፍ እንደሆነ እንጂ ዋሻው፣ መሣሪያውና አቋቋሙ አይጠየቁም።

የአሜሪካው ቅጽ እንዳለ ወደ ደላንታ ቢዛወር የሚሞላው አይገኝም። የሚያስፈልገው የማኅበሩ ጸሐፊ በአንድ መስመር ሊጽፈው የሚችል መዝገብ ነው፦ የተያዘው መሣሪያ፣ ይሠራ የነበረው ሥራ፣ ሠራተኛው ቆሞ፣ ተንበርክኮ ወይም ተጋድሞ እንደነበር፣ የተጎዳው አካል፣ ከሥራ የቀረባቸው ቀናት። የሰውነት አቀማመጡ የአሜሪካው ሕግ ባይጠይቀውም፣ በአንድ ሜትር ንጣፍ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከመሣሪያው እኩል ጉዳዩን ይወስናል። ለአካፋይነት የሚያገለግለው ደግሞ ማኅበሩ ገቢ ለማከፋፈል የሚይዘው የመገኛ ዝርዝር ሊሆን ይችላል፤ በየቀኑ ስንት ሰው ዋሻ እንደገባ በዚያው ይታወቃል። መዝገቡ ፈቃድ በሚታደስበት ጊዜ ለወረዳው የማዕድን ጽሕፈት ቤት እንዲቀርብ ቢደረግ አዲስ መዋቅር አይጠይቅም። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፤ ብዙ ጉዳት የመዘገበ ማኅበር ፈቃዱን የሚነጠቅ ከሆነ በሁለተኛው ዓመት ባዶ መዝገብ ይዞ ይመጣል።