ወሬው ለምን ቀደመ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱን ይፋ አደረገ። ታማሚው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ውስጥ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ናረ።

በየቴሌግራም ግሩፑና በየፌስቡኩ ሲዞር የነበረው ምክር አጭር ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ውቀጥ፣ ሎሚ ጭመቅበት፣ ጠጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ከኮሮና እንደሚከላከል ማስረጃ የለም ብሎ አስታውቆ ነበር። የሰማው ግን ጥቂት ነው።

ብዙዎች የዚህ ምክንያቱ አለማወቅ ነው ይላሉ። ፍርዱ ትክክል አይደለም። የፈራ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ወሬው ደግሞ ዛሬውኑ፣ እዚያው ማድቤቱ ውስጥ፣ በኪሱ ባለው ብር የሚያደርገውን ነገር ሰጠው። በአንጻሩ «ርቀትዎን ይጠብቁ» የሚለው ትክክለኛ ምክር ሚኒባስ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ሥራ ለሚገባ ሰው ምን ይፈይድለታል? ምክሩ ትርጉም ያገኘው ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ ሲታዘዝ ነው።

ቬትናሞች ነገሩ ቀደም ብሎ የገባቸው ይመስላል። በየካቲት 2012 የአገሪቱ የሥራና የአካባቢ ጤና ተቋም አንድ ታዋቂ የፍቅር ዘፈን ግጥሙ ተቀይሮ ስለ ኮሮና መከላከያ እንዲዘፈን አደረገ። ኳንግ ዳንግ የተባለ ተወዛዋዥ ደግሞ የእጅ አስተጣጠቡን ወደ ጭፈራ ለወጠው፤ መዳፍ ከመዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መሐል። ጭፈራው በቲክቶክ ከአገር አገር ዞረ። ቪዲዮውን እያየ የጨፈረ ወጣት ሁሉ እግረ መንገዱን እጅ መታጠብ ተለማመደ። እንደ ነጭ ሽንኩርቱ ወሬ ሁሉ ይህም የሚሠራ ነገር ሰጥቷል፤ ልዩነቱ እውነት መሆኑ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት የማያገኘው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ በወረርሽኙ ወቅት ኢትዮ ቴሌኮም መልእክቱን በስልክ ጥሪው ላይ አደረገው፤ ደዋዩ የደወለለት ሰው እስኪያነሳ ድረስ ስለ ኮሮና ጥንቃቄ ይሰማ ነበር። ማንበብ የማይችሉ፣ ተራ ሞባይል የያዙ አባቶችና እናቶችም በዚህ መንገድ መልእክቱ ደረሳቸው። ትልቅ ሥራ ነበር። ሆኖም በቀን አሥር ጊዜ የሚሰማ ድምፅ ይለመዳል፣ የተለመደውንም ጆሮ ያልፈዋል።

የስልኩን ምክር ከዚህ ያዳነው በየመንገዱ የነበረው ውሃ ነው። በየታክሲ ተራውና በየመናኸሪያው ወጣቶች ጄሪካን ይዘው ተሳፋሪውን እጅ ያስታጥቡ ነበር፤ በየባንኩ ደጃፍም ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ከነሳሙናው ቆመ። በስልክ «ታጠቡ» የተባለ ሰው ከቤቱ ሲወጣ መታጠቢያውን አገኘ።

ሌላው ትምህርት ከራሱ ከስልኩ የመጣ ነው። በመጋቢት 2012 መጨረሻ ዋትስአፕ ብዙ ጊዜ የተላለፈን መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ወይም ግሩፕ ብቻ እንዲላክ ገደበው። ኩባንያው እንዳስታወቀው የእንዲህ ያሉ መልእክቶች ዝውውር 70 በመቶ ቀነሰ። ማንም አልተቀጣም፣ ማንም አልተመከረም፤ ጣት ትንሽ እንዲዘገይ ብቻ ተደረገ።

ምክሩ የተሰጠበትን ቀን ማየትም ያስፈልጋል። በወረርሽኙ መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛ ሰው ሁሉ ማስክ እንዲያደርግ አይመክርም ነበር፤ በግንቦት 28 ቀን 2012 ግን ርቀት መጠበቅ በማይቻልባቸው ቦታዎች የጨርቅ ማስክ እንዲደረግ መከረ። ማስረጃ ሲጨምር ምክር ይለወጣል። ስልክ ውስጥ የተቀመጠ የድሮ ስክሪንሾት ግን አይለወጥም፤ ከወራት በኋላም እንደ አዲስ ይላካል።

ስለዚህ የጤና ምክር ሲደርስዎ ማን እንደተናገረውና መቼ እንደተናገረው ሳያዩ አያስተላልፉ። ትክክል ከሆነ ደግሞ ረጅሙን ጽሑፍ ትተው ለእናትዎ በራስዎ ድምፅ ቀድተው ይላኩላቸው፤ ዛሬ ቤታቸው ውስጥ ሊያደርጉት የሚችሉትን አንድ ነገር ብቻ ይንገሯቸው።