የእንዶድ ነገር፤ የዩኒቨርሲቲ ግኝት የንግድ ዕቃ ስለሚሆንበት መንገድ

በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ የተገኘ ነገር ሁሉ ወዲያውኑ የገበያ ዕቃ አይሆንም። በሊቁ ጠረጴዛና በነጋዴው መጋዘን መካከል ረዥም መንገድ አለ፤ ይህንንም መንገድ ሊቁ ብቻውን ሊጨርሰው አይችልም። ለዚህ ምሳሌ ከሩቅ አገር መፈለግ አያሻም፤ የባላገር ሴት ከጥንት ጀምሮ ነጠላና ጋቢ ስታጥብበት የኖረችው እንዶድ ይበቃል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት፥ ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የብልሃርዝያን በሽታ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ወርደው ነበር። ይህ በሽታ በወንዝና በመስኖ ውሃ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ዶክተሩ ወንዙን ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ወደ ታች የሞተ ቀንድ አውጣ በብዛት አገኙ፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ሕያው ነበር። ሌላው መንገደኛ አይቶ ያለፈውን እርሳቸው ቆመው ጠየቁበት። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ምርመራው ቀጠለ። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ ከተማ ወንዞች እንዶድ እየተጨመረ በተደረገው ሙከራ፥ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የነበረው በሽታ ከመቶ 50 ወደ 7 ያህል ዝቅ ማለቱ ተመዘገበ።

እንግዲህ ዕቃው በአገር ይበቅላል፤ ጥቅሙ ታውቋል፤ ፈላጊውም ብዙ ነው። በዚያው ዘመን ለዚሁ ተግባር የሚውለው የውጭ መድኃኒት በጀርመኑ ባየር ኩባንያ የተሠራ፥ በውድ የውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነበር። እንዶድ ስለ ምን በስፍራው አልተተካም?

የመጀመሪያውን ችግር ቡና ላኪ የሆነ ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። የእንዶድ ፍሬ ኃይሉ እንደ ዓይነቱና እንደ በቀለበት ስፍራ ይለያያል። አንዱ ፍሬ ቀንድ አውጣውን ፈጥኖ ሲገድል ሌላው ደካማ ነው። በናሙና የታየው ጠባይ በጆንያው ውስጥ ካልተገኘ ደግሞ ገዢ ሁለተኛ አይመለስም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ ስፍራ ዘር ሰብስበው፥ እያበቀሉና እየፈተኑ፥ ቁጥር 44 የተባለውን ዓይነት የመረጡት ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ይህ ብዙ ዓመታት የፈጀ ትዕግሥት የሞላበት ሥራ፥ ምንም እንኳ እንደ መጀመሪያው ግኝት ባይወራለት፥ ለንግድ ግን ከግኝቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። ሁለቱ ሊቃውንት በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በኅብረት ተቀብለዋል።

ሁለተኛው ችግር የምስክር ወረቀት ነው። ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሰውንና ከብትን እንዳይጎዳ፥ በታወቀ ደንብ በሚሠራ ላቦራቶሪ መመርመር ነበረበት፤ ምርመራው ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከነበረው ገንዘብ በላይ የሚያስወጣ ሆነ። በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተገኘው ውጤት በውጭ ሰዎች ዘንድ እምነት ማጣቱን ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው በአደባባይ ተናግረውበታል። ቅሬታቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ የባየርን መድኃኒት የምርመራ ወጪ የቻለው ትርፉን አስቀድሞ ያሰበ ኩባንያ ሲሆን፥ ከእንዶድ በስተኋላ ግን እንዲህ ያለ ኩባንያ አልነበረም። የሚተርፈውን አስልቶ ወጪውን የሚካፈል የንግድ ማኅበር ስላልተገኘ፥ ጉዳዩ ዓመት ከዓመት በእርዳታ ሰጪዎች ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሦስተኛው የመብት ነገር ነው። በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ከኢሪ ሐይቅ አጠገብ ነው። ከ1988 ጀምሮ በዚያ አካባቢ ሐይቆች ዛጎል ለበስ የሆነ ትንሽ የውሃ እንስሳ ተባዝቶ የፋብሪካዎችንና የኤሌክትሪክ ጣቢያዎችን የውሃ ቧንቧ ይደፍን ጀመር። እንዶድ ይህንንም እንስሳ እንደሚገድል በፈተና ታወቀ፤ በጥቅምት 1993 የአሠራሩ ፓተንት ተሰጠ። ዶክተር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ስማቸው ቢጻፍም፥ ባለመብቱ ዩኒቨርሲቲው ነበር። መብቱ በአሠራሩ እንጂ በተክሉ ላይ አልነበረም፤ ዘመኑም ዛሬ አልፏል። ዩኒቨርሲቲው ያደረገው በአገሩ ደንብ ነው። በ1980 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፥ በመንግሥት ገንዘብ የተገኘ ፈጠራ እንኳ የዩኒቨርሲቲ ንብረት እንዲሆንና ለኢንዱስትሪ በክፍያ እንዲፈቀድ አድርጓል። ስለዚህ በዚያ አገር ሊቁ ጽሑፉን ከማሳተሙ በፊት ወደ ሕግ አማካሪው ይሄዳል። በዐድዋ የታየው ነገር ግን ማንም መብቱን ሳይዝለት ለዓለም ሁሉ ታትሞ ወጣ፤ ለበሽተኞች ሲባል የተደረገ ቸርነት ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም፤ ለአገሩ ገበሬ ያስገኘው ገቢ ግን የለም።

ከዩኒቨርሲቲ ጋር ለመሥራት የሚፈልግ የንግድ ቤት፥ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት፥ የተገኘው ነገር የማን እንደሚሆን፥ ውጤቱ መቼ እንደሚታተም፥ የምርመራውን ወጪ ማን ምን ያህል እንደሚችል በጽሑፍ መዋዋል ይገባዋል። ፕሮፌሰሩ ሲዛወር ወይም ሲሞት ሥራው እንዳይቆም፥ ውሉ ከግለሰቡ ጋር ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ጋር ቢሆን ይመረጣል።

ላኪዎች በተለይ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482፥ የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድ መውሰድን ከልክሏል። ለቀጥታ ፍጆታ የሚሸጥ እህልና ቅመም በዚህ አይነካም። ይሁን እንጂ አንድ የውጭ ደንበኛ «ለምርምር ነውና ጥቂት ዘር ላክልኝ» ብሎ ሲጽፍ፥ የሚላከው ሩብ ኪሎ እንኳ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሲሆን፥ ይህም ዘሩ ከመላኩ በፊት መሆን አለበት።