ኪራዩን ከመንገዱ ጋር ደምር

ልጄ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ቤት ልትከራይ መሆኑን ሰማሁ። ለሥራ የማትሰንፍ ልጅ ነህ፤ ለመፈረም ግን ትቸኩላለህ። ይህችን ምክር ያዝልኝ።

1. ኪራዩን ለብቻው አትቁጠር። ውድብሪጅና ማናሳስ ከአሌክሳንድሪያ ይረክሳሉ፤ ሜትሮ ባቡር ግን አይደርስባቸውም። ስለዚህ መኪና ትገዛለህ፤ ኢንሹራንሱ፣ ቤንዚኑ፣ ጥገናው ተከታትሎ ይመጣል። በኪራይ ያተረፈውን መንገድ የበላበት ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ደምርና ወስን።

2. ሳትፈርም በሥራ ሰዓትህ መንገዱን ሂድበት። የሜትሮው ሲልቨር ላይን ከ2022 ወዲህ ደለስ ኤርፖርት ይደርሳል፤ ይህ ለብዙ ወገን እፎይታ ነው። ሳይነጋ ሺፍት ለሚገባ ግን ባቡሩ አይደርስለትም። አለቃ አንድ ቀን ማርፈድህን ያልፍልህ ይሆናል፤ ሲደጋገም ሺፍትህን ለሌላ ይሰጥብሃል።

3. ወገን ነው ብለህ በቃል አትከራይ። ቤዝመንት ያከራየህ ሰው ደግ ሊሆን ይችላል፤ ዘመድ ሲመጣበት ግን ልቀቅልኝ ይልሃል። ድንገት የለቀቀ ሰው ያገኘበት ይገባል፤ ያገኘበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥራው የራቀ ነው። ሊዝ ይኑርህ። ውል ወዳጅን አያጣላም፤ የሚያጣላው ውል ማጣት ነው።

4. የሚገባህን ጠይቅ። በቨርጂኒያ ሕግ ዲፖዚት ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ስትለቅም የሚመለስልህ በ45 ቀን ውስጥ ነው። በቤቱ ላይ ጉዳት አድርሰሃል እንዳትባል ስትገባ እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሳ። ፉድ ስታምፕ የምታገኝ ከሆነ ሜትሮ ሊፍት በሚባለው ፕሮግራም ተመዝገብ፤ ባቡሩንም አውቶቡሱንም በግማሽ ዋጋ ትሳፈራለህ። የአሌክሳንድሪያው ዳሽ አውቶቡስ ከ2021 ጀምሮ በነፃ ነው። ዝም ያለ ሙሉ ዋጋ ይከፍላል።

5. ካውንቲው ስለ ቤትና መሬት ሕዝብ ሲሰበስብ አትቅር። ፌርፋክስ ሥራ ሞልቷል፤ ሠራተኛው በአቅሙ የሚያድርበት ቤት ግን አነስተኛ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ አብዛኛው የመኖሪያ መሬት ለአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ መከለሉ ነው። አፓርትመንት አይሠራብን የሚሉት ስብሰባው ላይ ይገኛሉ፤ በኪራይ የሚንገላታው ሺፍት ላይ ነው። እንግሊዝኛዬ አይበቃም አትበል፤ አስቀድመህ አስተርጓሚ ጠይቅ። ተነስተህ የት እንደምትሠራ፣ የት እንደምታድር፣ በመሃል ስንት ሰዓት መንገድ ላይ እንደምታሳልፍ ለካውንቲው ሹማምንት ንገራቸው። መሬቱን የሚከልሉት እነሱ ናቸው፤ ያንተን ቀን ካንተ በቀር የሚነግራቸው የለም።