ከባሕር ትልና ከሰፍነግ ስለሚገኝ የተባይና የበሽታ መድኃኒት

የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ከባሕር ዳር እየቆፈሩ የሚያወጡትን ትል በመንጠቆ ላይ ይሰኩታል። ትሉ ሞቶ ሲጣል ዝንብ ያርፍበታል፤ ያረፈውም ዝንብ ደንዝዞ ይሞታል። ይህ ነገር በአጥማጆች ዘንድ የታወቀ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ኒታ የሚባል የጃፓን ሊቅ መርዙን ከትሉ ሥጋ ለይቶ አወጣና ኔሬይስቶክሲን ብሎ ሰየመው። የመርዙም አሠራር፣ ነርቮች እርስ በርሳቸው የሚቀባበሉትን መልእክት መዝጋት ነው፤ ተባዩ ሽባ ይሆናል፣ መብላትም ስለሚተው በረኃብ ያልቃል። ታኬዳ የተባለው የጃፓን ኩባንያ፣ ትል መልቀም ሳያስፈልግ፣ መርዙን የሚመስል ነገር በቤተ ሙከራ አሠርቶ በ1967 ካርታፕ በሚል ስም ለሩዝ አገዳ ቆርቁር አወጣው። ነገር ግን ለዓሣና ለሐር ትል ጽኑ መርዝ ስለ ሆነ፣ ውሃው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ በሚወርድበት እርሻ ያለ ጥንቃቄ ሊረጭ አይገባም።

በአገራችንም ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ ሞቶ ተንሳፎ አይተው ምርምራቸውን ከዚያ ጀመሩ። ሊቁ ያየውን ቀድሞ ያየው ባላገር ነውና፣ የወረዳ ሹም ገበሬው «ይህ ቅጠል ወይም ይህ ውሃ ተባይ ይገድላል» ሲለው ሳይንቅ ስሙን፣ ቦታውንና ወራቱን ጽፎ ያስተላልፍ።

ሰፍነግ በወንጌል ሆምጣጤ የተሞላው ያው ነው። ብዙ ሰው ተክል ይመስለዋል፤ እንስሳ ነው። እግር፣ ጥርስም ሆነ ቅርፊት የለውም፤ ከባሕር ወለል ተጣብቆ ስለሚኖር ከጠላቱ ሊሸሽ አይችልም። መከላከያው በውስጡ ያለው መርዝ ነው፤ ይህንንም መርዝ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በሰፍነጉ ውስጥ የሚያድሩ ረቂቃን ሕያዋን ናቸው። በ1986 ከኦኪናዋ ደሴት ሰፍነግ ማንዛሚን የተባለ ነገር ተገኘ። አስቀድሞ ለነቀርሳ ታስቦ ነበር፤ በ2000 ግን ወባ ባላቸው አይጦች ላይ ተሞክሮ የወባውን ተውሳክ እንደሚገድልና የአይጦቹን ዕድሜ እንደሚያራዝም ታወቀ።

ሆኖም የአይጥ ፈውስ የሰው ፈውስ አይደለም። ተውሳኩን የሚገድል መጠን የበሽተኛውንም ሥጋ ሊጎዳ ይችላል፤ ማንዛሚንም እስካሁን ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት አልሆነም። ስለዚህ ከባሕር የመጣ የወባ ዱቄት ነው ብሎ በገበያ የሚዞር ሰው ቢገኝ ሹሙ ያግደው፤ በሽተኛውም ደሙ እንዲመረመር ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።