ራስን መግዛትና የአእምሮ ጤንነት



ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው አንደኛ መልእክት፣ በምዕራፍ 9 ከቁጥር 24 እስከ 27፣ የክርስትናን ሕይወት በሩጫ ይመስለዋል። ምሳሌውን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። በከተማቸው አጠገብ የኢስትምያ ጨዋታዎች በየሁለት ዓመቱ ይካሄዱ ስለ ነበር፣ አንድ ሯጭ ከቅጠል ለተጐነጐነ አክሊል ሲል ፈቃዱን እንዴት እንደሚገዛ አንባቢዎቹ ያውቁ ነበርና ነው። የማይጠፋውን አክሊል የሚጠባበቅ ክርስቲያንማ ይልቁን ራሱን ሊገዛ ይገባዋል። ዛሬ ይህ ራስን መግዛት ለሥጋና ለአእምሮ የሚሰጠውን ጥቅም፣ እንዲሁም ወሰኑን እንመለከታለን።

1. ሥጋ አደራ ነው

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2288 ሕይወትና ጤንነት ከእግዚአብሔር የተሰጡን ክቡራን ስጦታዎች መሆናቸውን፣ በአግባቡም ልንጠብቃቸው እንደሚገባ ያስተምራል። በቁጥር 2289 ደግሞ ሁሉን ለሰውነት ውበትና ለስፖርት ድል መሠዋት ሥጋን ጣዖት ማድረግ እንደ ሆነ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ ሥጋን መናቅም ሆነ ማምለክ ከመንገድ መውጣት ነው።

2. ትንሹ የዘወትር ልማድ

አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ልቡ በሐኬት ተጨንቆ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጕን፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደ ገና ተቀምጦ ሲሠራ አየ፤ መዳኛውም ይህ እንደ ሆነ ተረዳ ይባላል። ሥራ በሰዓቱ፣ ጸሎት በሰዓቱ ሲሆን የተበተነ አሳብ ይሰበሰባል።

የዘመናችን የጤና ሳይንስም ከዚህ አይርቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመከራል። ይህም በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን በፍጥነት እንደ መራመድ ነው። እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ ለልብና ለደም ሥር ከሚሰጠው ጥቅም በላይ እንቅልፍን ያሻሽላል፤ ጭንቀትንም ይቀንሳል። ለዚህ ስታዲየም አያስፈልግም፤ ወደ ቅዳሴ በእግር መሄድም ይቈጠራል። ቀኑን ሙሉ የሚያርስ ገበሬና ውኃ የምትቀዳ እናት ግን እንቅስቃሴ አልጐደላቸውም፤ የሚጐድላቸው ዕረፍት ነው።

የሻምበል አበበ ቢቂላን ነገር ሁላችን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማራቶንን አሸነፈ። ከድሉ ያነሰ የሚነገረው ግን ኋለኛው ታሪኩ ነው። በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ በ1970 በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በእንግሊዝ አገር በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተወዳደረ። መሮጥ ባይችልም የቀረውን ችሎታ በሥራ ላይ አዋለ።

3. ቀስትም ይላላል

ዮሐንስ ካስያኖስ እንደሚተርከው፣ ቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊ አንዲት ቆቅ ሲያጫውት ያየ አዳኝ ተደነቀ። ቅዱሱም ቀስቱን ሁልጊዜ ለምን ወጥሮ እንደማይዝ ጠየቀው። አዳኙ፣ ሁልጊዜ ከተወጠረ ኃይሉን ያጣል ሲል መለሰ። የሰውም አእምሮ እንደዚሁ ነው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵይኖ ጨዋታን በልክ ማድረግ ከምግባር ወገን መሆኑን አስተምሯል፤ ለኀዘንም መድኃኒት ሲዘረዝር እንባን፣ የወዳጅን ርኅራኄና እውነትን ማሰላሰልን ብቻ ሳይሆን እንቅልፍንና መታጠብንም ጨምሯል። ስለዚህ በጊዜ መተኛትም ራስን መግዛት ነው።

4. ሐኬትና ሕመም

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት ቁምስና በየማለዳው የሚሮጥ፣ እሑድ እሑድ ሕፃናትን የሚያስተምር ወጣት ነበረ። ጕልበቱን ከተጐዳ በኋላ ሩጫውን ተወ፤ ቀስ በቀስም ከማስተማሩ፣ በመጨረሻም ከቅዳሴ ቀረ። እኔም ጠርቼ ስለ ስንፍናው ገሠጽሁት፤ የአበበንም ምሳሌ ጠቅሼ ጾምና ጸሎት እንዲያበዛ ነገርሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «አባ፣ መነሣት ጠልቼ አይደለም፤ አቅቶኝ ነው» አለኝ። ቃሉን ሰማሁ እንጂ አላስተዋልሁም። ያስተዋለችው እናቱ ነበረች፤ ወደ ሐኪም ወሰደችው፣ ሕመሙም ድባቴ መሆኑ ታወቀ። ከወራት ሕክምና በኋላ ወደ ሕፃናቱ ሲመለስ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነበርሁ።

ሐኬት የፈቃድ ድካም ስለ ሆነ በምክርና በልማድ ይታረማል። ድባቴ ግን ሕመም ነው፤ በሽተኛውን የሚያስወቅስ ነገር የለበትም። ለሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ፣ ዕለት ዕለት ያለማቋረጥ፣ ልቡ ያዘነ፣ ከሚወደው ነገር ሁሉ ደስታ ያጣ፣ እንቅልፉና ምግቡ የተዛባበትን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ግዴታችን ነው። ሞትን የሚመኝ ቃል ከአፉ ከወጣ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይታደር፣ ብቻውንም ሳይተው፣ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ጸሎት ሕክምናን አይተካም፤ ሕክምናም ጸሎትን አያስቀርም። እግዚአብሔር በሁለቱም ይሠራልና።

5. በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?

ሀ. የመነሻና የመኝታ ሰዓታችንን ወስነን እንጠብቅ፤ ጸሎታችንንም ከዚያው ጋር እናያይዝ።
ለ. ከአንድ ወዳጅ ጋር በእግር እንጓዝ፤ እየሄድንም እንጨዋወት።
ሐ. ከማኅበራችን የቀረ ሰው ካለ ቤቱ ድረስ ሄደን እንጠይቀው። ከመገሠጻችን በፊት እናድምጠው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ወጣቶች የሚጫወቱበት ጊዜና ቦታ አለን? ከሌለን ምን ማድረግ እንችላለን?
2. የደከመውን ከታመመው ለይተን የምናውቀው እንዴት ነው?
3. ራሳችንን ስንገዛ የምንጨምረው ፍቅርን ነው ወይስ ትዕቢትን?

ሩጫችንን እስከ ፍጻሜ እንድንሮጥ፣ በመንገድ የወደቀውንም ወንድማችንን እንድናነሣ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።